በዝምታ ክፍል ያደገው ወፍ

ታክቷታል። ዓይኗ ቀልቷል፣ ወገቧ አልታዘዝ ብሏታል። ጓደኞቿ «ቆጣሪ» ያሏት እንደ መብራት ቆጣሪ ቀን ከሌት ስለምትቆጥር ነው። የምትቆጥረው ደግሞ ምን መሰላችሁ? የወፍ አንጎል ሴሎች ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅሉ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ እሾሆችን! አንዱ ሴል የሌላውን ወሬ የሚሰማው በእነሱ ነው። ወፉ ጫጩት ሳለ እሾሁ ይበዛል፤ ዜማ ሰምቶ ሲማር የማያስፈልገው ይረግፋል። ዜማ ሰምቶ የማያውቅ ወፍ እሾሁ እንደበዛ መቅረት አለበት። የመመረቂያ ጥናቷ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ጉዱ ግን፣ ያለ ዜማ ያደጉት ወፎች እሾሃቸው ረግፎ ተገኘ።

«ተሳስተሻል፤ እንደገና ቁጠሪ» አሏት ፕሮፌሰሩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

እሷም ስህተቱ የራሷ በሆነ እያለች ትለምን ነበር። የቆጠራ ስህተት ይታረማል። ወፎቹ ዜማ ሰምተው ከሆነ ግን የአምስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

ደግሞስ ከማን ይሰማሉ? ተማሪዎች ፕሮፌሰሩን «አባ ዝምታ» ይሏቸዋል። ጫጩቶቹ ያደጉበት ክፍል ደጃፍ ሰው አያስደርሱም። ማንንም ስለማያምኑ ጥሬውንም ውሃውንም የሚያቀርቡት ራሳቸው ናቸው።

አንጎላቸው ለቆጠራ ከተወሰደው ከእነዚያ ጫጩቶች የተረፈው አንዱ ለአቅመ ዘፈን ሲደርስ፣ «ነይ፣ ዜማ እንደማያውቅ በጆሮሽ ስሚና አርፈሽ ቁጠሪ» ብለው ይዘዋት ገቡ። ወፉ ጉሮሮውን ነፋ አደረገና ለቀቀው። ሦስቴ ወደ ላይ፣ አንዴ ረዘም፣ ከዚያ ዝቅ።

ክው አለች። እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ኮታቸውን ሲቆልፉ ፕሮፌሰሩ በአፍንጫቸው የሚያንጎራጉሩት ዜማ ነው! ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከመልመዱ የተነሳ ልብ አይለውም።

«ይሄን ከየት አመጣው? የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ» አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው።

ወደ እሳቸው ዞረች። «ከእርስዎ ነው። ሁሌ ያንጎራጉራሉ እኮ።»

«እኔ? ኧረ ወዲያ! እኔ ደግሞ መቼ?»

ወፉ ደገመው። እሳቸው በርጩማውን ስበው ቁጭ አሉ። «የባለቤቴ ነው» አሉ። «ልብስ ስትተኩስ ነበር የምትለው። ከሞተች ወዲህ ከቤቴ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

ልትጮህባቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ አንጀቷን በሉት።

«ቆጠራሽ ልክ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሦስቱም ጊዜ። ሌሎች ጫጩቶች ይፈለፈላሉ።»

«ማን ሊያበላቸው?»

ከኪሳቸው የክፍሉን ቁልፍ አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡት። «እኔን አታስገቢኝ፣ ልጄ። ብለምንሽም እንዳታስገቢኝ» ብለው ወጡ።

እሳቸው የተነሱበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ ፈልጋ፣ ወፉ እንዳይሰማ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ይህኛው ዜማ የሚማርበት ጊዜ እንዳለፈበት ትዝ አላትና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።