ቀይ ምልክት ያለበት ቤት

ጋላክፓይ ወደ ዞርዞር ከተማ በሚወስደው የአፈር መንገድ ዳር የሚሠራ ጎሚስታ ነበር። አንድ ቀን የመንገድ ሥራ ሰዎች መሬቱን ሲለኩ ዋሉና በቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አድርገው ሄዱ። «ይፈርሳል» አሉት። መቼ እንደሆነ ግን የነገረው የለም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ዕረፍት አጣ። የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር የያዘውን ጎማ ጥሎ ብድግ ይላል። ጣሪያው ዝጎ ተበሳስቷል፤ ለሚፈርስ ቤት ማን ቆርቆሮ ይገዛል? ክረምቱ ሲገባ ሚስቱ ኮርቶ አልጋውን ከጥግ ጥግ ስትጎትት ከረመች።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው አንድ ጠዋት የራሰውን ፍራሽ ደጅ እያወጣች፣ «ይኼ ቤት ሞቷል ወይስ ታሟል? ቁርጡን ንገረኝና ወይ ላልቅስለት ወይ ላስታመው።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ካምፓቸው ድረስ ስትመላለስ አልነበር እንዴ?»

«ሄድኩ። አንዱ ‹በቅርቡ› አለኝ። ሌላው ‹እግዜር ያውቃል› አለኝ። ዘበኛው ደግሞ ‹ሲጋራ ይዘሃል?› አለኝ።»

ኮርቶ ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

ፍራሹ ሳይደርቅ ከመታጠፊያው በኩል መሬት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መጣ። ቢጫ ዶዘር ነበር። ጋላክፓይ የያዘውን ጎማ ጥሎ ብድግ አለ። ወዲያው ግን የመገላገል ያህል ቀለለው።

«መጡ! ቆርቆሮውን እንኳ እናትርፍ!» ብሎ ጣሪያው ላይ ወጣ።

እሱ ምስማር እየነቀለ ቆርቆሮውን ሲወረውር ኮርቶ ድስቱንና የሩዙን ከረጢት አወጣች። ጎረቤት ተጠራርቶ በሩን ከነመቃኑ ነቀለ። ዶዘሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ቀደሙት። ጋላክፓይ እልሁ አልወጣለት ብሎ የፊቱን ግድግዳ በድጅኖ ደረመሰው።

ዶዘሩ ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባቴ፣ ምንድነው? እሳት ነው እንዴ?» አለ።

«አንተ ከምታፈርሰው ብለን ነዋ!»

«እኔ? እኔ እኮ ወንዙ ጋ ጭቃ የያዘው መኪና ላወጣ ነው የምሄደው። መንገዱ ዘንድሮ እዚህ አይደርስም። በጀት አልቋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አንዱ ጎረቤት ሳቁን ማፈን አቃተውና ግቢው በሳቅ ታመሰ። ጋላክፓይ ጎማ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኮርቶ ግን አልሳቀችም። ደመናውን ቀና ብላ አየች፤ ቆንጨራ አነሳች፤ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የካሳቫ ማሳ አልፋ ከመንገዱ ራቅ ያሉት ዘንባባዎች ሥር ደረሰችና ቁጥቋጦውን ትመነጥር ጀመር።

«ና እንጂ! ማን እስኪመጣልህ ነው ቁጭ ያልከው?»

አዲሱ ቤት በጎረቤት ጉልበት እዚያው ቆመ። አስፋልቱ የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ የመንገዱ ዳር ቦይም የድሮውን ቤት ወለል መሐል ለመሐል ሰንጥቆት አለፈ። ጎማ የሚፈነዳበት መኪና ግን ጠፋ። ጋላክፓይ ሥራ ፈትቶ ሲቁለጨለጭ ኮርቶ በርበሬና የዘንባባ ዘይት ይዛ ባንጋ ከተማ ገበያ መሄድ ጀመረች። ድሮ መንገድ ላይ ታድሮ የሚደረስበት አገር አሁን ደርሳ በዚያው ቀን ትመለሳለች፤ ማታም እሱ ስለማያውቃቸው ሰዎች ታወራለታለች።

አንድ ቀን መሸት ሲል ሳትመጣ ቀረች። ጋላክፓይ አስፋልቱ ዳር ወጣ። መኪኖቹ ከመፍጠናቸው የተነሣ የተሳፋሪው ፊት አይለይም። ቢቸግረው በእግሩ ወደ ባንጋ አቅጣጫ መራመድ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ አንድ ታክሲ አልፎት ሄዶ ፍሬን ያዘ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ? መኪና ይግጭህ?» አለች ኮርቶ እየወረደች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። ነገም እሄዳለሁ።»

ባዶውን ዘንቢል አሸከመችውና ቀድማው ሄደች።