ጎኑ የማይወርድ አልጋ

የአናጢዋ ልጅ የምትወልድበት ወር ገብቷል። አናጢዋ ለሕፃኑ የሠራችው አልጋ ግን አሁንም ወርክሾፗ ጥግ ቆሟል።

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። የደኅንነት ስታንዳርዱን ማሟላቱን ሳላውቅ ልጄን አላስተኛበትም» አለች ልጇ።

«አንቺ የተኛሽው በምን ሆነና ነው?»

«እኔማ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ!»

የልጅ ልጇ ከሱቅ በተገዛ አልጋ ሲተኛ ከምታይ አናጢዋ ሞቷን ትመርጣለች። በነጋታው ሜትሯን ኪሷ ከትታ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገባች።

«እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አላት ባለመነጽሩ ሠራተኛ።

«እማማ አትበለኝ፣ ገና አያት አልሆንኩም። ስታንዳርድ የሚሉትን አምጣልኝ።»

«የምን? ለብሎኑም ለቀለሙም የየራሱ አለው።»

«የሕፃን አልጋ!»

ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ ቢፈልግ ምንም የለም። «የቤት ዕቃ» ውስጥ ገባ፣ ከዚያ «የልጆች» አለ፤ ስታንዳርዱ ወጣ! ተውሶ መውሰድ ስለማይቻል እዚያው ያነብላት ጀመር። «‹አለበት› የሚለው ግዴታ ነው፤ ‹ቢሆን ይመረጣል› የሚለው ምክር ነው» አላት።

የጎኑ ርብራብ ክፍተት? ልኩን በቃሏ ነገረችው፤ አለፈች። የጎኑ ከፍታ? አለፈች። ጠረጴዛውን በጥፊ ስትለው አንባቢው ሁሉ ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ? አያት ልሆን ነው!»

«ወደ ታች የሚወርድ ጎንስ?» አለች ወደ ሠራተኛው ዞራ፣ በኩራት። ወገቧን የሚያማት ልጇ እንዳታጎነብስ ብላ ብዙ የለፋችበት እሱ ነው።

«መቆለፊያ ካለው ይፈቀዳል።»

«አለው!»

ሰውየው ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። «ይቅርታ። ይሄኛው ተሽሯል፣ በሌላ ተተክቷል።» አዲሱን ከፈተ። «የሚወርድ ጎን ተከልክሏል።»

«በአሮጌው ብንስማማስ?»

«መቆለፊያው የላላ ቀን ጎኑ ይከፈትና ሕፃኑ በጎኑና በፍራሹ መሃል ይቀረቀራል።»

የልጇ ሁለቴ መውደቅ ፊቷ ድቅን አለ። ግንባሯን ቋጥራ ድንገት ብድግ አለች።

«የፍራሹ መደብ ከፍ ዝቅ ቢልስ? ሕፃኑ መቀመጥ እስኪጀምር ከላይ፣ ከዚያ ወደ ታች?»

ሰውየው ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበ። «ይቻላል! እንዲያውም ተጽፏል!»

ምስጋናዋን በሩ ላይ ሆና ጮኸችለት። ክንፍ አውጥታ ነው ወርክሾፗ የደረሰችው። ጎኑን በብሎን ጥርቅም አድርጋ አሰረች፣ ለመደቡ አዲስ ቀዳዳ በሳች፣ ከዚያ ልጇን አስጠራች።

ልጅቷ ጎኑን በሁለት እጇ ይዛ ባለ በሌለ ኃይሏ ናጠችው። ንቅንቅ የለም። መደቡ ላይ እጇን ዘርግታ አየች፤ ማጎንበስ አላስፈለጋትም።

«እማዬ፣ ዛሬውኑ ቤት አድርሺልኝ!»

እናቷ ግን ሜትሯን እየፈለገች ነበር።

«የቤትሽ መስኮት ከወለሉ ስንት ነው? እሱም ስታንዳርድ ሳይኖረው አይቀርም።»