ልብስ ሳይታጠብ ያለቀ ሳሙና

የሆስፒታሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለውን ተረት ሃይማኖቱ አድርጓታል። ቢሮውን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ካልነቀነቀ እንቅልፍ አይወስደውም። ዳይሬክተሩ ጠርቶ «የልብስ ማጠቢያው ሳሙና እየጠፋ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን እንደሚወስደው ጽፈህ አምጣ፤ ሰውየው ዛሬውኑ ይሰናበታል» ሲለው እንደ ሹመት ነበር የቆጠረው። ችግሩ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ያሳደገችው አክስቱ መሆኗ ነው። ለጡረታ የቀራት አምስት ወር ብቻ ነው።

የመጋዘኑ ስቶር ኪፐር የሳሙናውን መዝገብ ሲሰጠው አንገቱን ደፋ። «ጥሩ ሴት ናት» አለ፣ «ግን ሰው ምን ይታወቃል?»

ባለሙያው የዘጠና ቀኑን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ አሰፈረ፤ በአንድ በኩል የታጠበው ልብስ ኪሎ፣ በሌላ በኩል የወጣው ሳሙና። እያንዳንዱ ቀን አንድ ነጥብ ሆነ። በነጥቦቹ መሀል ቀጥ ያለ መስመር አለፈ። መስመሩ ሁለት ነገር ተናገረ። ልብሱ በአንድ ኪሎ በጨመረ ቁጥር ሳሙናው አሥራ ሁለት ግራም ተኩል ይጨምራል፤ ይህ ስሎፑ ነው፣ ሥራ ሲበዛ ሳሙናም ይበዛል። መነሻው ግን ዜሮ ላይ አልነበረም። ልብስ ምንም ሳይታጠብ ሁለት ኪሎ ተኩል ሳሙና ያልቃል ይላል።

በዘጠናው ቀን ውስጥ ልብስ ያልታጠበበት አንድም ቀን አልነበረም። መስመሩ ያላየውን ቀን እየተናገረ ነው። ተጠራጣሪ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ነገር አይሰማም፤ የፈለገውን ካገኘ ጆሮው ይደፈናል። ሁለት ኪሎ ተኩል! በየቀኑ! የአክስቱ ቦርሳ ስንት እንደሚይዝ በሐሳቡ መስፈር ጀመረ። አፈረም፤ መስፈሩን ግን አልተወም።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። አክስቱ እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ታጥፋለች።

«እቴቴ፣ ልብስ ሳይገባ የሚያልቅ ሳሙና አለ?»

«አለ እንጂ! ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ማሽን ባዶአቸውን አጥባቸዋለሁ። የትናንቱ በሽታ ለዛሬው በሽተኛ ይተርፋል እንዴ? ለእያንዳንዱ አንድ ስፍር ነው፤ ስፍሩ አንድ ኪሎ ነው።»

«ሁለት ኪሎ ማለት ነው። ግማሿስ?»

«የምን ግማሽ?»

«ቦርሳሽን ክፈቺልኝ።»

እሱም ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ። እሷ ግን እጇን አደራርቃ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ሻሽ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ግማሽ ዳቦ።

«ሌላስ ምን ይላል ወረቀትህ?» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር።

«ለአንድ ኪሎ ልብስ አሥራ ሁለት ግራም ተኩል።»

«ውሸት ነው። ለሃምሳ ኪሎ ልብስ ግማሽ ስፍር ነው የማደርገው። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያው ነው።»

ለአንድ ኪሎ አሥር ግራም ማለት ነው። ባለሙያው የእሷንና የመስመሩን ቁጥሮች በሐሳቡ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አሥሩ አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል፤ ሁለት ኪሎውም ሁለት ኪሎ ተኩል። ሁለቱም በሩብ አብጠዋል። በየቀኑ በቦርሳ የምትወጣ ሳሙና ብትኖር የምታሳድገው መነሻውን ብቻ ነበር፤ ስሎፑን አትነካውም። ሁለቱን እኩል የሚያሳብጥ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እቴቴ፣ ጠዋት ሳሙናውን ማነው የሚመዝነው?»

«እኔ በስፍሬ እቀዳለሁ፤ ስቶር ኪፐሩ መዝኖ ይጽፋል። እኔ ሚዛኑን አይቼም አላውቅ።»

አንድ ስፍር ሳሙና ይዘው ወደ ማዋለጃ ክፍል ወጡ። አዋላጇ እየሳቀች ስፍሩን አራስ ሕፃን በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስተኛችው፤ ድፍን አንድ ኪሎ። ያንኑ ስፍር ስቶር ወስደው አስቀመጡት፤ አንድ ኪሎ ከሩብ። ስቶር ኪፐሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሚዛኑን መታ መታ አደረገ፣ በመጨረሻ መሐረብ ፈለገ። ለካ በየቀኑ የሚያብጠውን ሩብ በጀርባ በር ሲያወጣ የኖረው እሱ ነው።

ሌባውን የሚገልጸው ደብዳቤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ባለሙያው በደረጃው እየሮጠ ወረደ፤ ደስታው እፍረቱን የሚሸፍንለት መስሎታል።

«እቴቴ፣ ነጻ ነሽ! ስቶር ኪፐሩ ተሰናበተ። ይቅር በይኝ፣ ቁጥሩ አሳስቶኝ ነው።»

«ቁጥሩማ እውነቱን ነው የነገረህ» አለች አንሶላዋን እያጠፈች። «ሁለት ኪሎ ተኩል አለህ እንጂ አክስትህ ሌባ ናት አላለህም። እሷን ከየት አመጣሃት?»

ባለሙያው ወደ አንሶላው ክምር ቀረብ አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ እንዲይዝላት አቀበለችው። «ግን እነዚህን አምስት ወራት ማታ ማታ ስወጣ ቦርሳዬን አንተው እየፈተሽክ ሸኘኝ። ሌላ ሰው ቢፈትሸኝ ያመኛል፤ አንተ ግን ለምደኸዋል።»