በጸጥታ ተቀምጣችሁ አጨብጭቡ

እኔ ቴሌሲያ፣ በመንደራችን ለመጃጃል አቻ የለኝም። ይህን የምለው ልኮራ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ታውአሉጋ የሚባለው ባህላዊ ጭፈራችን ሲጨፈር አንዲት ልጅ መሐል ሆና እጇን በዝግታ ታንሳፍፋለች፤ ዘመዶቿ ደግሞ ዙሪያዋን ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ፣ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። እኛ በተዋረድን ቁጥር እሷ ከፍ ትላለች። የሚጃጃልላት ያጣች ልጅ ወገን የላትም ማለት ነው።

ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ የባህል ቀን እንድትጨፍር የተመረጠችው ፔኒና ነበረች፣ የእህቴ የፎሎሌ ልጅ። ከፎሎሌ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ወገቤ እስኪቆረጥ የሠራሁትን ሰሌን በእናታችን ቀብር ላይ፣ እንደ ወጋችን የክብር ስጦታ አድርጋ፣ በራሷ ስም ለፓስተሩ ሰጠችው። ፓስተሩም እሷን መረቀ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እንኳ እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ነው የምንቀመጠው።

ፔኒና ግን በዋዜማው፣ መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«አክስቴ፣ ነገ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ። ቁጭ ብዬ አይሻለሁ» አልኳት።

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ክፉ መልስ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ነገሩን ያባሰው አዲሱ መምህር ላፋኤሌ ነው። ባሕር ማዶ፣ ኦክላንድ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ባህላችንን ከእኛ በላይ የሚወድ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ሥርዓት ያበዛል። በር ላይ ቆሞ ለያንዳንዳችን ወረቀት አደለን፤ «ተመልካቾች በጸጥታ ተቀምጣችሁ አጨብጭቡ» ይላል። ሽማግሌዎቹ አነበቡት፣ ተያዩ፣ ከዚያም ማራገቢያ አደረጉት። መምህር ነውና አፍ አውጥቶ የተቃወመው አልነበረም።

ከበሮው ተመታና ፔኒና ወጣች። ቆዳዋ በኮኮናት ዘይት ያበራል፤ የራስ ጌጧ ከአንገቷ የሚከብድ ይመስላል። እጇን ዘረጋች። ከጀርባዋ ማንም የለም። መቶ ሰው በጸጥታ ያጨበጭባል፣ ላፋኤሌ በደስታ ፈገግ ይላል። እናቷም ቁጭ ብላለች፤ ፎሎሌ መቼም ሕግ ታከብራለች፣ የሰው ሰሌን ካልሆነ በቀር።

እኔም እጆቼን ከጭኔ ሥር ወሸቅሁና ስለ ሰሌኑ አሰብኩ። አጥብቄ አሰብኩ። ልጅቱ አገጯን ቀና እንዳደረገች ዓይኗ ብቻ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሰው ይፈልጋል። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ሳይ እየጮኽኩ ተነሣሁ።

«እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለኝ ላፋኤሌ።

ወረቀቱን እንደ ቆብ አናቴ ላይ ደፍቼ አልፌው ሄድኩ። ዘለልኩ፣ እንደ አሳማ ጮኽኩ፣ ተንከባለልኩ። ስንከባለልም ከአንድ ግዙፍ ነገር ጋር ተላተምኩ። ፎሎሌ ናት፤ እሷም ከቀኝ በኩል ስትንከባለል መጥታ ነው።

በጀርባችን ተዘርረን ጎን ለጎን ቀረን። ሰዉ ሁሉ ወንበሩን ትቶ ይስቃል፣ ይጮኻል። ሁለት ዓመት ሙሉ ለእህቴ የሳልኩት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ።

«ወፍረሻል» አለችኝ እያለከለከች።

ዕንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ተነሽ ባክሽ» አልኳት፤ «ልጃችን ብቻዋን ናት።»