በውጨኛው ምህዋር ያሉት

አባቷ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታቸው። እጅና እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው፤ ምላሳቸው ግን እንደታሰረ ቀረ። ንግግር የምታለማምዳቸው ባለሙያ የሥዕል ካርድ እያነሳች «ይሄ ምንድን ነው?» ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የሕፃን ካርድ ነዋ፤ ከፍቷቸዋል።

ባለሙያዋ ቢቸግራት፣ የሚወዱት ነገር ካለ በእሱ ይሞከር ብላ ለልጃቸው ነገረቻት። ልጅቷ በያጅ ነች። አባቷ ምን እንደሚወዱ አሳምራ ታውቃለች፤ ችግሩ እሷና ኬሚስትሪ ዓይንና ናጫ ናቸው። አሥረኛ ክፍል የወደቀችው በገዛ አባቷ ትምህርት ነው። ለልጄ አላዳላም ብለው ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሱ፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ቱታዋን ሳታወልቅ ቁራጭ አሉሚኒየምና ጥቂት የድኝ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እንደ ተማሪ ቆማ ማስረዳት ጀመረች። በአቶም ውጨኛ ምህዋር ላይ ያሉት ቫለንስ ኤሌክትሮን እንደሚባሉ፣ አሉሚኒየም ሦስት፣ ድኝ ስድስት እንዳለው ተናገረች። እስከዚህ ደህና ሄደች።

«እንግዲህ ብረታ ብረት ያለው ጥቂት ስለሆነ፣ እስኪሞላለት ከሌላው ይወስዳል» አለች።

እያሾፈች አልነበረም፤ እውነት መስሏት ነው።

የአባቷ መዳፍ ጠረጴዛውን መታ። «ይ... ይሰጣል።»

እናቷ ጭልፋ እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ማነው የተናገረው?» አሉ። ልጅቷ ወንበር ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«ለምን ይሰጣል?» አለች።

አባቷ ላብ በላብ እስኪሆኑ ታገሉ። ቃል በቃል እየጎተቱ፣ አሉሚኒየም ስምንት ኤሌክትሮን ለመሙላት አምስት ከመፈለግ ሦስቱን መልቀቅ እንደሚቀለው፣ ድኝ ግን የጎደለው ሁለት ብቻ ስለሆነ እንደሚወስድ ነገሯት። በብረታ ብረት ውስጥ የውጪዎቹ ኤሌክትሮኖች ልቅ ሆነው ስለሚዘዋወሩ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ በድኝ ውስጥ ግን ጥብቅ ብለው ተይዘዋል። ይህን ተናግረው እስኪጨርሱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስንት ዓመት የበየደችው ነገር ለምን ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ ያን ዕለት ገባት።

«ገባሽ?» አሉ።

«ገባኝ፣ አባዬ።»

እጇን ያዙ። «ያኔ... ቸኮልኩብሽ» አሉ።

ልጅቷ ጥላሸት የነካውን ጣቷን በእጃቸው ውስጥ እንዳለ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የትምህርት ቀን ሆነ። አሁን አባቷ አጫጭር ነገር ይናገራሉ፤ የቤት ዕቃ ስም ግን ዛሬም ይጠፋቸዋል። ምሳ ላይ «ሶዲየም ክሎራይድ» ሲሉ፣ ፊደል እንጂ ኬሚስትሪ ያልተማሩት እናቷ ጨውን ብድግ አድርገው ያቀብሏቸዋል።