አጉራሿ የሌሊት ወፍ

ዋሴ ሲዋሽ ዓይኑን አያርገበግብም፤ የሚያርገበግበው ሰሚው ነበር። ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ዋሴን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ጨነቅ በተባለው ተራራ ላይ ነፋሱ የበቅሎውን ጥላ ነጥቆበት፣ በቅሎዋም «ያለ ጥላዬ አልሄድም» ብላ ገደል አፋፍ ላይ እንደተኛች፣ እሱም ጥላውን ከአንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ጫንቃ ላይ አግኝቶ በገብስ እንደለወጠው በሠርግ ቤት አውርቷል። ጊች ላይ ገብስ ሲያጭድ ደግሞ፣ ዛላው ላይ ጎጆ የሠራች ንስር «ቀስ በል እንጂ፣ ልጆቼ ተኝተዋል!» ብላ ተቆጥታዋለች። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ያቆመውም፣ እሱ እንደሚለው፣ አስተማሪዎቹ የሚያውቁት አልቆባቸው ነው።

ይህ ሁሉ ለአገሩ ደስታ ነበር። ጣጣው የመጣው አልጣሽን ሲያስጠይቅ ነው።

አልጣሽ በአጥቢያው ጊዮርጊስ አቋቋም የሚያስተምሩት የመሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ልጅ ናት። መሪጌታ የተላኩትን ሽማግሌዎች አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ልጁን አልጠላውም። እንዲያውም ያስቀኛል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ማሕሌት ላይ ቆሜ ያቺ ንስሩ ትዝ ትለኛለች። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ነገ ‘ልጅዎ ታማለች፣ ይድረሱ’ ብሎ ቢልክብኝ፣ ልሩጥ ወይስ ልሳቅ?»

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጎንጨት አሉ፤ መሪጌታ ቀጠሉ።

«እንግዲያው ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ሰው ከሥጋና ከቅቤ ይጾማል፤ ዋሴ ከውሸት ይጹም። እስከ ፋሲካ አንዲት ውሸት ካልወጣችው ልጄን እሰጠዋለሁ። ከገደፈ ግን የአምባ ጊዮርጊሱ እህል ነጋዴ አሻግሬም ሽማግሌ ልኳል። እሱ ቢያንስ የሚዋሸው በሚዛን ብቻ ነው።»

አልጣሽ በማግስቱ ወፍጮ ቤት በር ላይ ጠበቀችው። ዱቄት ቅንድቧ ላይ ሰፍሮ አሮጊት አስመስሏታል።

«ትችለዋለህ?»

«ምን ችግር አለው!»

«ይኸው፣ ዋሸህ።»

«ጾሙ የሚገባው ሰኞ ነው» አላት። ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆር አለ። «እኔ አሻግሬን አልፈልግም፣ ዋሴ። ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም። እባክህ አፍህን ጠብቅ።»

ዋሴ አፉን ጠበቀ። «ደህና አደርክ?» ለሚለው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ ከውሸት የሚቆጠርበት መሰለውና፣ «አላደርኩም፤ ግራ መንጋጋዬን ሲጠዘጥዘኝ ነጋ፣ ቁንጫም ነበር» ይል ጀመር። ሰላምታ የሚሰጠው ሰው እየቀነሰ ሄደ። በግ ሊሸጥ ወጥቶ ገዢው «ትወልዳለች?» ቢለው፣ «አምና መክና ነበር፤ ካቻምናም እንዲሁ» ብሎ በጓን ይዞ ተመለሰ። የሰንበቴው ሰው ዋሴ ዝም ካለ ወዲህ ጠላው ራሱ ውሃ ውሃ አለኝ እያለ ያማርር ጀመር። አሻግሬ ብቻ በየእሑዱ ከአምባ ጊዮርጊስ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ይዞ ይመጣና፣ ከዋሴ ፊት ለፊት ተቀምጦ አፍ አፉን ያየዋል።

እንዲህ እንዳለ በመጋቢት አጋማሽ የከብት ሐኪም መጣ። ጊዜው ከአብዮቱ ወዲህ ኩባውያን ሐኪሞች በየአገሩ የተበተኑበት ነው። ዶክተር ራሚሮ ይባላል፤ ጢሙ የባሕታዊ፣ ሳቁ የሙሽራ። ከአማርኛ የሚያውቀው «ጓድ» የሚለውን ቃል ብቻ ስለነበር ገበሬውንም፣ ቄሱንም፣ የሚከትባትንም ላም ጓድ ይላል። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ያርጋል «ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ሌላ ሰው የለንም» ብሎ ዋሴን አስተርጓሚ አደረገው። ሁለቱም እንግሊዝኛ በእኩል ስለማይችሉ በደንብ ተግባቡ፤ በቃል የጎደለውን በእጅ፣ በእጅ የጎደለውን በእግር ይሞሉት ነበር።

አንድ ቀን ከብት ከትበው ሲመለሱ በረዶ መጣባቸውና ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዋሻ ገቡ። ራሚሮ ቀና ብሎ ጣራውን አየና እንደ ሕፃን ጮኸ። ዋሻው የሌሊት ወፍ ተሰቅሎበታል። በቆዳ ጓንቲው አንዷን ቀስ አድርጎ አወረደና አፍንጫዋን ለዋሴ አሳየው። አፍንጫዋ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቆዳ ተለጥፏል።

«ይቺ የሩቅ ዘመድ ናት» አለ ራሚሮ። «በእኛ አገርና ከባሕሩ ማዶ ባለው ምድር ያሉት፣ አፍንጫቸው ላይ የጦር ጫፍ የመሰለ ቅጠል ቆሟል። በአፍንጫቸው ይጮኻሉ፣ በጆሯቸው ያያሉ።»

«ምን ይበላሉ?» አለ ዋሴ፣ ለወሬ ያህል።

ይህን መጠየቁ ነው ጉድ ያፈላው። አንዷ በረጅም ምላሷ ከአበባ ውስጥ ወለላ ትጠጣለች። አንዷ የሾላ ፍሬ ለቅማ ዘሩን በየሜዳው ትዘራለች። አንዷ እንቁራሪት ለሚስቱ ሲዘፍን ዘፈኑን ተከትላ መጥታ ዘፋኙን ትበላዋለች። አንዷ ትልቅ ቅጠል በጥርሷ አጥፋ ድንኳን ትተክላለች። አንዷ ደግሞ የተኛ ከብት ቆዳ ጫር አድርጋ ደም ትልሳለች፤ ጎረቤቷ ሳትበላ ብትገባ፣ ከሆዷ መልሳ ታጎርሳታለች።

ዋሴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰው ሲያወራ እንዲህ ሆኖ መስማት ምን እንደሚመስል በዕድሜው ገና ማወቁ ነው።

«ስማ፣ እኔ ዋሴ ነኝ» አለው። «በእኔ ላይ ትዋሻለህ?»

ራሚሮ በእናቱ ማለ። ከዋሴ ጋቢ ጫፍ ሁለት ክር መዘዘና አንድ ላይ ፈተላቸው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። በእያንዳንዱ ፍጡር ገላ ውስጥ እንዲህ ያለ የዘር ክር አለ፤ ሊቃውንት የደም ላሿንና የወለላ ጠጪዋን ክር በአጉሊ መነጽር ጎን ለጎን ቢያዩት ዝምድናው ታወቀ። ሁሉም ያንዲት አያት ልጆች ናቸው። ምግባቸው ሲለያይ ጊዜ አፋቸውም፣ ምላሳቸውም፣ ጥርሳቸውም ተለያየ።

ዋሴ ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣ። የሰማው ወሬ ሆዱ ውስጥ እንደ ጥጃ ይዘላል። እሑድ ሰንበቴ ላይ አንዱ ሽማግሌ «ኧረ ባክህ ዋሴ፣ ዳቦው አልወርድ አለን፤ አንድ ነገር በል» ሲሉት ጊዜ ፈነዳ።

«ውሸት የለኝም፤ እውነት ግን አለኝ!»

አወራ። ምላሷን ሲያወራ ሰው ፈገግ አለ። ድንኳኗ ጋ ሲደርስ ጠላ በአፍንጫው የወጣው ሰው ነበር። የእንቁራሪቱ ዘፈን ላይ ያርጋል ሊቀመንበርነቱን ረስቶ ተንፈራፈረ። «ሁሉም ያንዲት አያት ልጆች ናቸው!» ሲል፣ አንዱ «ልክ እንደኛ ቤት፤ ወንድሜ ደም ይልሳል፣ እኔ አበባ አበባውን እላለሁ» አለና ቤቱ ተናጋ።

አሻግሬ ብድግ አለ። «የኔታ፣ ገደፈ! ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ገደፈ!»

«እውነት ነው!» አለ ዋሴ። ሳቁ ባሰ።

መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ጽዋቸውን አስቀመጡ። «አይ ልጄ፣ ሆሳዕና እኮ ደርሶ ነበር» አሉ፤ የእውነት ያዘኑ ይመስላሉ። በሩ አጠገብ የቆመችው አልጣሽ ነጠላዋን በጥርሷ ነከሰች።

ዋሴ እሷን አይቶ ወደ መሪጌታ ዞረ። «የኔታ፣ ምስክር አለኝ። ሐኪሙ ይጠራልኝ!»

ራሚሮ ከያርጋል ቤት ተጠርቶ እየሳቀ ገባ፤ «ጓድ!» ብሎም ለመሪጌታ እጅ ነሣ። አሻግሬ ግን ነገር አዋቂ ነው። «ቆይ እንጂ» አለ፤ «የዚህን ሰው ቃል ማን ሊተረጉምልን ነው?»

ሁሉም ወደ ዋሴ ዞረ።

«ተከሳሹ ራሱ የምስክሩን ቃል ይተርጉም? ጉድ እኮ ነው! ‘እግዜር ይስጥልኝ’ ቢል፣ ዋሴ ‘የሌሊት ወፍ ድንኳን ተከለች ይላል’ ይለናል!»

ያርጋልን ቢጠይቁት የሚያውቀው «የስ» ብቻ ሆኖ ተገኘ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ «ዋሴ፣ አንተ አፍህን ያዝ። አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አሉ። ዋሴም አፉን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ክንፍ ሠራና ወደ አፍንጫው አመለከተ።

ራሚሮ ገባው። ኮቱን አውልቆ ያርጋልን አሸከመና መሀል ወጣ።

መጀመሪያ ጣቶቹን አፍንጫው ላይ እንደ ጦር አቆመ። ከዚያ ጽዋ አንሥቶ፣ በክንፉ እየተርገበገበ፣ ምላሱን እስከ መጨረሻው አውጥቶ ጽዋው ውስጥ ከተተ።

መሪጌታ ወደፊት ሳብ አሉ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን መቋሚያ ይዘው የእግርን አነሣስ፣ የትከሻን ሰበቃ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ገላ ሲናገር ማንበብ ያውቁበታል።

«አበባ ነው» አሉ። «ጽዋው አበባ ነው። ወለላውን እየጠጣች ነው።»

ራሚሮ ቁጢጥ ብሎ ጉንጩን ነፋ፣ «ቋ! ቋ!» አለ፣ በፍቅር ዓይኑን አንከባለለ። ወዲያው ሌላ ሆኖ ተነሣ፤ ጆሮውን ቀሰረ፣ ዞረ፣ ዘለለ፣ ዋጠ።

«እንቁራሪቱን በዘፈኑ አገኘችው!» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «የመረግድ እግር አጣጣሉ ግን ትንሽ ይቀረዋል።»

ከያርጋል ራስ ላይ ጋቢ ገፎ በጥርሱ ነክሶ አጠፈ፤ ከሥሩም ገብቶ ተጠቀለለ። «ድንኳን!» አለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ። ክር መዝዞ ፈተለ፤ «የዘር ሐረግ ነው» አሉ መሪጌታ። መጨረሻ ላይ ያርጋልን እንደ በሬ አስተኝቶ አንገቱን ላሰው፤ ያርጋል «ኧረ ጓድ!» ብሎ ጮኸ። ራሚሮ ግን አልሳቀም። ሆዱን ይዞ ረሃብተኛ ሆነ፤ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዞሮ የጠገበችዋን ሆነ፤ እጁን ከሆዱ ወደ አፉ አመጣ፤ ከመሶቡ ቁራሽ ዳቦ አንሥቶ፣ አጠገቡ ያገኘውን ሰው አጎረሰው። ያ ሰው አሻግሬ ነበር።

«አጎረሰቻት!» አሉ መሪጌታ። ቀስ ብለው ደግመው፣ «ለተራበችው ጎረቤቷ አጎረሰቻት» አሉ።

አሻግሬ ዳቦውን ለመዋጥ ታገለ። «ተማክረው ቢሆንስ፣ የኔታ?»

«አይደለም» አሉ መሪጌታ። «የዋሴን ውሸት ከእናንተ ሁሉ አብልጬ አውቀዋለሁ። ጥላ ሲነጠቅ ባለ በቅሎው ዋሴ ነው። ንስር ስትቆጣ የምትቆጣው ዋሴን ነው። በውሸቱ ሁሉ መሀል ዋሴ ቆሟል። በዚህ ወሬ ውስጥ ግን ዋሴ የለም፤ ፈልጌ አጣሁት። ስለዚህ እውነት ነው። ጾሙ አልተገደፈም።»

እልልታው ከአልጣሽ ይሁን ከእናቷ ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አልታወቀም፤ ብቻ ከበሩ በኩል መጣ። ዋሴ ግን አፉን እንደያዘ ነበር፤ ልቀቅ ያለው ሰው ስለሌለ።

ፋሲካ ነጋ። ዶሮው ቀርቦ፣ ራሚሮም ተጋብዞ፣ ሁሉም በመሪጌታ ቤት ገበታ ከበበ። መሪጌታ ባርከው ሲያበቁ ወደ ዋሴ ዞሩ።

«በል፤ እኛ በዶሮ እንገድፋለን። አንተ በልማድህ ግደፍ።»

ዋሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ ጠዋት ስመጣ፣ የኔታ፣ አንዲት የሌሊት ወፍ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ባሕር ተሻግራ ከኩባ መምጣቷ ነው፤ ድንኳኗን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። ‘የዶክተር ራሚሮ ቤት ወዴት ነው?’ አለችኝ። ‘ምነው?’ ብላት፣ ‘ምላሱን ያወጣበትን ነገር ሰምቼ ነው፤ እንዳርመው ልካኝ ነው እናቴ’ አለችና ከእኔ በቅሎ ላይ…»

መሪጌታ ጥምጣማቸው እስኪፈታ ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገው ግን ጣታቸውን ቀሰሩበት። «ሁሉም ደግ። ‘ልጅዎ ታማለች’ ብለህ ስትልክብኝስ?»

«ቀላል ነው፣ የኔታ። በወሬው ውስጥ እኔ ካለሁበት ይሳቁ፤ ከሌለሁበት ይሩጡ።»

መሪጌታ አንድ ጊዜ አልጣሽን አዩ፤ አንድ ጊዜ እሱን አዩ። እንጀራውን ቆርሰው፣ ከዶሮው ጠቅልለው፣ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጁና «እንካ፣ ልጄ» ብለው አጎረሱት።