ካርታው ሲከፈት

ስክሪኑ እንደገና ሰማያዊ ሆነ።

ሮማነወርቅ እጇን ከማውሱ ላይ አላነሳችም። ካርታው ገና መከፈቱ ነበር። የወለንጪቲ መንገድ ታይቷት፣ የመተሐራው ሐይቅ ብቅ ብሎላት፣ የመኪኖቹ ነጥቦች ሊወጡ ሲሉ ሁሉም ነገር ቀጥ አለና ያ ክፉ ሰማያዊ መጣ። ላፕቶፑ ራሱን አጥፍቶ እንደገና መነሳት ጀመረ።

"አሁንም?" አለች ቢሊሴ፣ በሩ አጠገብ ከተቀመጠችበት።

"አሁንም።"

ቢሊሴ ጡት የያዘ ልጇን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዛወረችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ባሏ ኢዩ የዚህ የጭነት መኪና ማኅበር ሾፌር ነው። ከቤቷ እስከዚህ ቢሮ በባጃጅ ስትመጣ ጫማ መቀየር እንኳ ትዝ አላላትም፤ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ነበር።

ረፋዱ ላይ መሬት ተንቀጥቅጦ ነበር። ከፈንታሌ ተራራ በኩል የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የአዳማ ሰው ከሰነበተበት ወዲህ ለምዶታል ማለት ይቻላል፤ አልጋው ሲወዛወዝበት ተገላብጦ የሚተኛም አለ። የዛሬው ግን ረዘመ። የቢሮው መስታወት ተንጫጫ፣ ከመደርደሪያው ላይ ፋይል ወደቀ፣ የሠፈሩ ሰው በሙሉ ወደ መንገድ ፈሰሰ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከአዋሽ የመጣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር መናኸሪያ ሲገባ ወሬውን ይዞት መጣ። ከመተሐራ ወዲያ አስፋልቱ ተሰንጥቋል፤ አንድ ተሳቢ ከመንገድ ወጥቶ ተጋድሟል። ታርጋውን አላየም። ቀለሙን ሲጠይቁት "ነጭ ነው" አለ። የማኅበሩ መኪኖች ሁሉ ነጭ ናቸው።

ሮማነወርቅ የማኅበሩ የስምሪት ሠራተኛ ናት። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ሁለት መኪና እንዳላት ታውቃለች። ሁለቱም ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭነው ወደ ሞጆ እየመጡ ነው። የኋለኛውን የሚነዳው ኢዩ ነው። የፊተኛውን የሚነዳው ጫምሳ ነው፤ ጫምሳ ባሏ ነው።

የማኅበሩ መኪኖች በበረሃው መንገድ ለብቻ አይሄዱም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚጓዙት፤ የኋለኛው ሲቆም የፊተኛው ይመለስለታል። ይህን ማንም በወረቀት ጽፎ አላስፈረማቸውም። ያልተመለሰ ሾፌር ግን በማግስቱ አብሮት ሻይ የሚጠጣ ጓደኛ አያገኝም።

የጫምሳ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ይላል። የኢዩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። የቀራት ይህ ላፕቶፕ ብቻ ነው። በየመኪናው ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ የት እንዳሉ በካርታው ላይ ያሳያል፤ ካርታው ደግሞ በዚህ ላፕቶፕ እንጂ በሌላ አይከፈትም። ፓስወርዱን ያስገባው ማናሴ የሚባል ልጅ ነበር። ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ ስልኩን ቀየረ፤ ፓስወርዱም በማሽኑ ሆድ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

አብዱናሲር ከነቦርሳው እያለከለከ ገባ። ፖስታ ቤቱ አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው።

"ሮሚ፣ በቃ ሱቁን ጥዬ መጣሁ። ከተማው ሁሉ ውጭ ነው ያለው። አካም ጅርታ፣ እህቴ?" አለ ቢሊሴን ሲያያት። ቢሊሴ ራሷን ብቻ ነቅነቅ አድርጋ መለሰችለት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረው። "ምን ሆነ?"

"ያው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የነገርኩህ ነው። ሌላ ሥራ ስሠራበት ደህና ነው፤ ካርታውን ስከፍት ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል።"

"ፎርማት እናድርገው፤ ይገላገላል።"

"አይሆንም!"

ድምፅዋ እሷንም አስደነገጣት። ሕፃኑ ጡቱን ለቆ ዞር ብሎ አያት።

"ፎርማት ካደረግከው ፓስወርዱ ይጠፋል" አለች ዝቅ ብላ። "ባለፈው ፎርማት ስታደርገው ማናሴ ነበር፤ እሱ መልሶ አስገባው። አሁን ከየት አመጣዋለሁ? ሲስተሙን የሸጡልን ሰዎች ቅዳሜ ስልክ አያነሱም።"

አብዱናሲር ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። "እሺ። ሲጠፋ የሚጽፈውን አንብበሽዋል?"

"ፎቶ አንስቼዋለሁ።" ስልኳን ሰጠችው። "ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፈው።"

ፎቶውን ጎትቶ አጎላው። ከታች በኩል ያለችውን አንዲት መስመር ለራሱ አነበባት፤ ደግሞ አነበባት። ከዚያ ላፕቶፑ ውስጥ ገብቶ አንዱን ዝርዝር ከፍቶ አንዱን ዘግቶ ሲፈልግ ቆየና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

"ያ ረቢ" አለ። "ይኸውልሽ። የስክሪኑ ድራይቨር ነው። ማሽኑ ምስል እንዴት እንደሚያወጣ የሚነግረው ፕሮግራም ማለት ነው። ያንቺው ስንት ዓመቱ ነው! ካርታው በየጊዜው ራሱን ያድሳል፤ ይሄ ግን ባለበት ቆሟል። ካርታው የማይችለውን ሲያዘው ይወድቃል።"

"ታዲያ ለምን አልታደሰም?"

አብዱናሲር ጣቱን ከስክሪኑ ላይ አነሳ።

"አፕዴቱን ዘግቼዋለሁ። አለቃችሁ አቶ መርዳሳ ናቸው፣ ዳታችንን ይበላዋል ዝጋልን ያሉኝ። እሳቸው ብቻ አይደሉም እኮ፤ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ሳይጠይቁኝም እዘጋለሁ። ፎርማት ሳደርገውም ከዚያው ከድሮው ፍላሽ ነው የምጭንበት፤ አሮጌውን አውጥቼ አሮጌውን መልሼ አገባሁበት ማለት ነው።"

"አሁን ማደስ ይቻላል?"

"ይቻላል። ከስልኬ ኔት አገናኘውና ከፋብሪካው ድረ ገጽ አወርደዋለሁ። ግን..." ቢሊሴን በጎን አየት አደረጋትና ድምፁን ቀነሰ። "ሲጫን ስክሪኑ ይጠፋል። እንደዚህ ያለ አሮጌ ማሽን አንዳንዴ ካልተስማማው አይመለስም። እሱን ለማስተካከል ነገ ሊሆንብን ይችላል።"

በዚህ መሃል አቶ መርዳሳ ደወሉ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ለስብሰባ አዲስ አበባ ነበሩ።

"ሮማነወርቅ፣ ምን ተገኘ?"

"እስካሁን ምንም የለም፣ አቶ መርዳሳ። ካርታው አልከፈት ብሎ አብዱናሲርን ጠርቼዋለሁ። ድራይቨሩን ላድሰው እያለ ነው።"

"እንዳይነካው! የሁሉም መኪና እዚያ ላይ ነው ያለው። ብልሽት ቢደርስበት ማን ይጠየቃል? ሰኞ አዲስ ማሽን አመጣለሁ።"

"ሰኞ?" አለች። "ሰዎቹ ዛሬ ነው መንገድ ላይ ያሉት እኮ።"

"እኔም ከፖሊስ ጋር እየሞከርኩ ነው፤ መስመሩ አልገባ አለኝ እንጂ። አንቺ ተረጋጊ። ለቤተሰብም ያልተጣራ ነገር እንዳትናገሪ፣ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

ስልኩን ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው። መሬቱ ደግሞ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ለማወቅ በጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ኮዳ አየች። ውሃው ቀጥ ብሏል።

"ምን አሉ?" አለ አብዱናሲር።

"ጫነው።"

"ፈቀዱ?"

"ጫነው አልኩህ እኮ፣ አብዱ። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

ማውረዱ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳብ ጀመር። አረንጓዴው መስመር ትንሽ ይሄድና ይቆማል፤ አብዱናሲር ስልኩን አንስቶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ኔቱ እንዲስብ፤ መስመሩ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። ውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እየጠረገ ያልፋል። ቢሊሴ ልጁን አዝላ ተነሳችና ከሮማነወርቅ ጀርባ ቆመች።

"ሮሚ" አለች። "ጠዋት አኩርፌው ነው የዘጋሁበት። ከአዋሽ ደወለልኝ። ስኳር ጨምረሽ ግዢ ብዬ አልነበር፣ ምናምን አለኝ... በስኳር ተጣላን። ቻው እንኳን አላልኩትም።"

"ይመጣል። ራሱ ስኳሩን ይዞልሽ ይመጣል።"

"ባንቺ አፍ ያድርገው።"

ሮማነወርቅ አፏ ይህን ሲናገር ልቧ የሚያስበው ሌላ ነበር። ነጩ መኪና የኢዩ ይሁን ብላ አሰበች። የጫምሳ ከሚሆን፣ የኢዩ ይሁን። ሐሳቡ ሳትጠራው መጣ፤ ልታባርረው ብትሞክርም አልሄደላትም። የቢሊሴን ትንፋሽ ከማጅራቷ ላይ እየሰማች ይህን ማሰቧ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ አስፈራት።

"ወረደ" አለ አብዱናሲር። "ልጫነው ነው። ቢስሚላሂ።"

ስክሪኑ ብልጭ አለና ጠፋ።

ጥቁር ሆነ። ሦስቱም ጥቁሩ ውስጥ የራሳቸውን ፊት አዩ። የላፕቶፑ አየር ማውጫ እየተንሾካሾከ ነው፤ ሌላ የሕይወት ምልክት የለበትም። አብዱናሲር አንዴ በር በሩን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያል።

"ይህን ያህል ይቆያል?" አለች ሮማነወርቅ።

"ይቆያል... አንዳንዴ።"

"አብዱ!"

"ታገሺኝ። እንዳትነኪው።"

በራ። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ ገዝፎ፣ ከዚያ ወደ ልኩ ተመልሶ በራ። አብዱናሲር ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳውና ወንበሩን ለቀቀላት። ካርታውን የከፈተችው ራሷ ናት። ወለንጪቲ መጣ። ሐይቁ መጣ። ሮማነወርቅ ሰማያዊውን እየጠበቀች ዓይኗን ልትጨፍን ምንም አልቀራትም። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ካርታውም ሳይጠፋ ቆመ።

የጫምሳ አረንጓዴ ነው። ከመተሐራ ወዲህ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። አልፎታል። ወደ ቤት እየመጣ ነው። እንባዋ ከየት መጣ ሳትለው ወረደ።

የኢዩ ቀይ ነው። ቀይ የቆመ መኪና ነው። ከመተሐራ ወዲያ ሰውም ሠፈርም በሌለበት፣ ከመንገዱ መስመር ላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው የቆመው። ከረፋድ ጀምሮ አልተነቃነቀም።

"የቱ ነው የኔ?" አለች ቢሊሴ። ካርታ ማንበብ አትችልም። ጣቷን አረንጓዴው ላይ አደረገች። "ይሄ ነው? የሚሄደው?"

ሮማነወርቅ ቀና ብላ አብዱናሲርን አየችው። እሱም ቀዩን ነጥብ አይቷል። ስልኩን አንስቶ የመተሐራ ፖሊስ ጋ ሞከረ፤ አሁንም ሞከረ፤ ራሱን ነቀነቀ። መስመሩ ተይዟል።

በአፉ የተደፋው ስልኳ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ያዘ። ገልብጣ አየችው። ጫምሳ ነው።

"ሮማን!" አለ፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይጮኻል። "ደህና ነኝ። ስልኬ ሞቶ ነበር፤ ኬላው ላይ ትራፊክ ሲያቆመን ቻርጅ ለመንኩ። ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው። እናትህ ጋ ናቸው።"

"እሰይ። ስሚ፣ ከዋናው መንቀጥቀጥ በፊት ነው ያለፍኩት፤ ለጥቂት። ኢዩ እዚያው ወረፋ ውስጥ ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ሲለቁን ግን አላየሁትም። ስልኩን አያነሳም። ካርታው ላይ ይታይሻል? ወይስ ያ ማሽንሽ ዛሬም ጠፋብሽ?"

መልሱን ራሱ አዘጋጅቶ ሰጣት። ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ ስለዚህ ላፕቶፕ ስታማርር ሰምቷታል። ጠፋብኝ ብትለው ያምናታል። አቶ መርዳሳም ቢሆኑ ያምኗታል፤ አትንኩት ያሉትን ማሽን ማን አስነክቶ ማን አዳነው ብለው አይጠይቁም። ሳይመሽ ጫምሳ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያራግፋል። የተሰነጠቀው መንገድ ከኋላው ይቀራል። ኢዩ ቆሟል ብትለው ግን አዙሮ ይመለስለታል። መሬቱ ደግሞ ዛሬ ተመልሶ እንደማይንቀጠቀጥ የነገራት የለም።

"ሮማን? ትሰሚኛለሽ?"

ቢሊሴ ጣቷ አሁንም አረንጓዴው ላይ ነው። ትጠብቃለች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

ሮማነወርቅ በግራ እጇ የቢሊሴን ጣት ያዘችና ቀስ አድርጋ ከአረንጓዴው ነጥብ ላይ አነሳችው። ቀዩ ላይ አስቀመጠችው፤ አልለቀቀችውም።

"ተከፍቷል፣ ጫምሳ" አለች። "መኪናህን ዳር አቁምና አዳምጠኝ።"